ምልክቶቹ ላይ የወጡበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ረዳቱን «ላይኛው መስጊድ ጋ ስንደርስ ታወርደኛለህ» አሉት።

«የቱ ላይኛው፣ እማማ?»

«ላይኛው ነዋ! ሌላ ላይኛው አለ እንዴ?»

«ከየት ሲታይ?»

«ከቤቴ ሲታይ!» አሉት ተቆጥተው። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብቻዬን መሳቄን ቀጠልኩ። ያቺ የረዳቱ «የቱ?» ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ፣ የእንጀራዬን መንገድ የወሰነች ጥያቄ ነበረች።

ኮምቦልቻና ደሴን የሐረጎ ዳገት ያገናኛቸዋል። ኮምቦልቻ ከሥር ነው፣ ሙቀቱና ፋብሪካው ያለበት፤ ደሴ ከአናት፣ ጉሙና ብርዱ ያለበት። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው «ላይ ልውጣ» ካለ ደሴ መሄዱ ነው። የደሴ ሰው «ታች ወርዷል» ከተባለ ደግሞ ኮምቦልቻ ፈልጉት። ነገሩን የሚያወሳስበው ደሴም የራሷ ዳገትና ቁልቁለት ያላት መሆኑ ነው። ሰኞ ገበያ ሰፈር የቆመ ሰው «ላይ» የሚለውና ቧንቧ ውሃ ሰፈር የቆመ ሰው «ላይ» የሚለው አንድ አይደለም። እኛ እርስ በርስ የምንግባባው የሚያናግረን ሰው የት እንደቆመ ስለምናይ ነው። ኮምፒውተር ግን እኛ የት እንደቆምን አያይም።

ያኔ ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም ነበር። አባቴ እንድሪስ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ የሽመና ክፍል ይሠራ ነበር፤ ከማሽኖቹ ጋር ሲፎካከር ስለኖረ ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። እኔ የእሱ ተቃራኒ ነኝ። ሰው ሁለቴ «ምን አልክ?» ሳይለኝ አይሰማኝም። ድረ ገጽ መሥራትን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ትምህርቶችን ስልኬ ላይ እጭንና፣ ቤት ገብቼ ባረጀች ላፕቶፕ አንድ በአንድ እሞክራቸው ነበር። ያልገባኝን ነገር «ይሁን» ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አንዲት መስመር ለምን እንደሠራች ካላወቅኩ፣ መሥራቷ ራሱ ያናድደኛል።

አባቴ ይህን ሥራ አይለውም። «ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ማፍጠጥ ነው» ይላል። ፋብሪካው አዲስ ሰው ሲፈልግ ከፎርማኑ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ መጣ። ሰኞ ጠዋት በእሱ ፈረቃ እንድገባ ነው።

በመካከል ግን ሐጂ ይማም መጡ። ሐጂ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ሲደክማቸው የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ኮምቦልቻ፣ ሌላው ደሴ ቧንቧ ውሃ። ሠልጣኞቻቸው የመንገድ ምልክቶችን በስልካቸው እያዩ እንዲለማመዱ ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፣ በሠልጣኞች ፊት እንሞክረዋለን፤ ደህና ከሆነ በቋሚነት ትቀጠራለህ አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ሐጂ ከተቀበሉህ እሰየው» አለ። «ካልተቀበሉህ ሰኞ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። ክርክር የለም።»

ሐጂ ሥራውን ሲሰጡኝ «የላዩንና የታቹን ለይልኝ» ብለው ነበር፤ የሥልጠናው ሰዓት በሁለቱ ከተሞች ስለሚለያይ። እኔም ሁለት ፎልደር ከፈትኩና አንዱን «ላይ»፣ ሌላውን «ታች» ብዬ ሰየምኳቸው። ለኮምቦልቻ ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ስም ከየት ይመጣል? የኮምቦልቻውን ስላስቀደምኩ የምልክቶቹን ሥዕሎች የያዘውን ፎልደር «ታች» ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ገጽ ሥዕል ሲያሳይ ሥዕሉን በሆዱ ይዞ አይደለም። ያለበትን አድራሻ ይዞ ሄዶ ነው የሚያመጣው። የእኔ ገጾች የያዙት አድራሻ ደግሞ «ምልክቶቹን አጠገብህ ፈልግ» የሚል ነበር። የኮምቦልቻው ገጽ አጠገቡ ሲፈልግ አገኘ። የደሴው አጠገቡ ቢፈልግ ምንም የለም።

ዓርብ ከደሴ «ምልክቶቹ አይታዩም» የሚል ስሞታ ሲመጣ መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ምልክቶቹን ከ«ታች» አውጥቶ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ለሁለቱም እኩል እንዲሆኑ፤ ከዚያ የገጾቹን አድራሻ «አንድ ወደ ላይ ወጥተህ ፈልግ» በሚል መቀየር። የድረ ገጹ የይለፍ ቃል ግን በሐጂ ትእዛዝ በደሴዋ ጸሐፊ በሐያት እጅ ብቻ ነበር። ደወልኩላት።

«ሐያት፣ ምልክቶቹን ከታች አውጥተሽ አንድ ወደ ላይ አድርጊልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ፎልደሩን እንዳለ።»

«አብሽር።»

ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። «ጀማል፣ ጨርሻለሁ። እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል!» የቀየርኳቸውን ገጾች ልልክላት ስል መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፔም ያለ መብራት አንዲት ደቂቃ አትቆይም ነበር። ገጾቹ ሳይቀየሩ የደሴው እንዴት ሊሠራ ቻለ የሚል ጥያቄ ውስጤ ብቅ ብሎ ነበር። ደስታዬ አፈነው።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ወጣን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አየሩ ቀለል ብሏል፤ በመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ከሰላቸውን ያራግባሉ፣ አጠገባቸው የተላጠ ቁልቋል በሳህን ተደርድሯል። አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል። የእኔን ላፕቶፕ እሱ ነው የያዘልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ቅርንጫፉ ሞልቶ ነበር። ሐጂ ቆባቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ገጹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ምልክት ምን ያመለክታል?» ይላል። ከጥያቄው በላይ፣ ምልክቱ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ባዶ ሳጥን ውስጥ የተቀደደች ትንሽ ወረቀት መሳይ ነገር ተቀምጣለች። ቀጣዩም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

«ይሄ ቀላል ነው» አለ አንድ የባጃጅ ነጂ። «ምልክቱን ሌባ ነቅሎታል ማለት ነው።»

«የለም፣ ከፊትህ ምንም የለም፣ ዝም ብለህ ንዳው ማለት ነው!» አለች የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች ሠልጣኝ።

ሐጂ አልሳቁም። «እንዲህ ያለ ምልክት በአሰብ መንገድ አላየሁም» አሉና ወደ ደሴ አስደወሉ። ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። ሐያት የእሷ ገጽ እየሠራ መሆኑን በኩራት ተናገረች።

«እንዴ! ምልክቱም ለላዮቹ ብቻ ሆነ?» አለ ባለባጃጁ። «ብርዱ አይበቃቸውም?»

አባቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ሰኞ በጠዋት ነው የምንወጣው» አለኝ። በሹክሹክታ መናገሩ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

ያን ጊዜ ነው የትናንቱ ጥያቄ ተመልሶ የመጣው። ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋሁ። «ሐያት፣ ፎልደሩን የት ነው ያደረግሽው?»

«ላይ ነዋ።»

«የቱ ላይ?»

«አንተው አይደለህ ከታች አውጥተሽ ወደ ላይ አድርጊ ያልከኝ? ከ‹ታች› አወጣሁ፣ ‹ላይ› ውስጥ ከተትኩ። ወላሂ፣ አንድም ሥዕል አልጎደለም!»

እኔ «ላይ» ያልኩት ከሁለቱም ፎልደሮች በላይ ያለውን ቦታ ነው። እሷ የሰማችው «ላይ» ተብሎ የተጻፈበትን ፎልደር ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ! የሆነውን ሳስረዳ ሳቁ ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት መጣ፤ ሐጂም ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሳቁ።

«እኔ ባቲ ሆኜ አንዱን ሾፌር ‹ታች እንገናኝ› አልኩት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከገበያው ታች ማለቴ ነበር። እሱ ሚሌ በረሃ ድረስ ወርዶ ጠበቀኝ!»

ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ሳቁንስ ሳቅን። ነገ ሐይቅ ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ስከፍትስ? እዚያ የሞተሩ ለብቻ፣ የመኪናው ለብቻ ነው የሚሆነው። ያኔ ደግሞ ምልክቱን ወዴት ልታወጣው ነው?»

ጥያቄው የሚገባ ነበር። ያዘጋጀሁት «አንድ ወደ ላይ ወጥተህ ፈልግ» የሚለው አድራሻ ለ«ላይ»ና ለ«ታች» ይበቃል። ሐይቅ ውስጥ ሞተር የሚል ሌላ ፎልደር ከተከፈተ ግን ያ ገጽ አንድ ቢወጣ ገና ሐይቅ ውስጥ ነው። ሁለት መውጣት አለበት። ገጽ በተዘዋወረ ቁጥር አድራሻ ልቀይር ነው።

«ሐጂ፣ እያንዳንዱ ገጽ ከቆመበት እንዲነሳ ማድረጌ ነው ጥፋቱ» አልኩ። «ሁሉም ከዋናው በር ይነሳ። እርስዎ ደሴን ለማያውቅ እንግዳ መንገድ ሲነግሩ የትም ይሁን የት ‹መጀመሪያ ፒያሳ ሂድ› አይሉትም? ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሁሉም አንድ ነው።»

«እሱንስ እላለሁ» አሉ።

ቁጭ ብዬ ቀየርኩት። የሚጨመረው እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው፤ ቀን ስንጽፍ የምናስገባት ያቺ ዘመም ያለች መስመር፣ እዝባር፣ በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ትገባለች። እሷ ከፊት ስትቆም ገጹ አጠገቡን ትቶ ከድረ ገጹ ዋና በር ይነሳል። ስጨርስ አባቴ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ የላፕቶፔን መስታወት አየ።

«ይኸው አሁንም ባዶ ነው!»

«እዚህ አይታይም፣ አባዬ። የዚህ ላፕቶፕ ዋና በር ሌላ ነው። ድረ ገጹ ላይ ሲደርስ ይታያል።»

«ሳታየው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ለአባቴ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬው አላውቅም። ድምፄ እንኳ «ምን አልክ?» የሚያሰኝ አልነበረም።

ገጾቹን በቴሌግራም ላክሁ። «ሐያት፣ አሁን ፎልደሩን ከ‹ላይ› አውጪው። ‹ታች›ም እንዳትመልሺው። ገና ስትከፍቺ ‹ላይ› እና ‹ታች› ጎን ለጎን የሚታዩሽ ቦታ አለ አይደል? እዚያ ሦስተኛ ሆኖ ይቁም።»

«በረንዳው ላይ በለኛ!» አለች። ከእኔ በተሻለ ተናገረችው።

ሐጂም ጨመሩበት፤ ገና ኪራይ እንኳ ላልተያዘለት ለሐይቅ ቅርንጫፍ ፎልደር እንድትከፍት፣ ውስጡ ሞተር የሚል ሌላ እንድትከፍትና ከገጾቹ አንዱን እዚያ እንድታስገባ። «ከእሱ ነው የምንጀምረው» አሉ። «የሩቁ ካገኘ የቅርቡ አያጣም።»

ሐያት «ጨርሻለሁ» ስትል የሐይቁን ገጽ ከፈትኩ፤ ቀስ እያለ ወረደ። መጀመሪያ ጥያቄው መጣ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከላይ ቀይ መስመር ብቅ አለ፤ ጎኖቹ እየተሰበሰቡ ወደ ታች ወረዱና በአፍጢሙ የተደፋ ሦስት ማዕዘን ሆኑ።

«ቅድሚያ ስጥ!» ብለው ሠልጣኞቹ በአንድ ድምፅ መለሱ።

ሐጂ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሰማህ ወይ፣ እንድሪስ? ቅድሚያ ስጥ ነው የሚለው። ለልጁ ስጠው እንጂ።»

አባቴ ላፕቶፑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሸሚዙን አስተካከለ። «ለፎርማኑ ሰኞ እኔ እነግረዋለሁ» አለ፤ ይህንንም ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

የታቹም የላዩም ገጽ ተራ በተራ ተከፈቱ፤ አንድም ባዶ ሳጥን አልነበረም። ስንመለስ አባቴ ከመንገድ ዳር ቁልቋል ገዛልኝ። እሾሁ እንዳይወጋኝ እንደ ሕፃን እሱው አጎረሰኝ። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ «ያቺ ዘመም ያለች ነገር ባትኖር ሰኞ ከእኔ ጋር ነበርክ ማለት ነው?» አለኝ። ነበርኩ አልኩት።

ዛሬ ከቆሙበት ቦታ የሚነሳ አድራሻ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። አብረው የሚጓዙ ነገሮች፣ አንዱ ሲነሳ ሌላውም የሚነሳ ከሆነ፣ አጠገብ ለአጠገብ ቢፈላለጉ ይሻላቸዋል። ብዙ ሰው ከብዙ ቦታ የሚፈልገው ነገር ግን መነሻው አንድ መሆን አለበት፤ መነሻውም ስም ይኑረው። እኔ ዘንድ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ይህን በአንድ ቀን ይይዙታል። ፎልደር ‹ላይ› ብለው እንዳይሰይሙ ስከለክላቸው ግን ለምን እንደሆነ አይገባቸውም፤ እኔም አንዳንዴ ሳልነግራቸው እስቃለሁ።

ሚኒባሱ ሐረጎን ጨርሶ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ረዳቱ ወደ እናቲቱ ዞረ። «እሺ እማማ፣ ከፒያሳ ብንነሳ ወዴት ነው?» አላቸው። ሴትዮዋ ወዲያው በእጃቸው እያሳዩ ነገሩት፤ በትክክል ቦታቸው ላይም ወረዱ።

እኔም ወርጄ ቢሮዬ በር ስደርስ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህም ድምፁ አልቀነሰም።

«የት ደረስክ?»

«ላይ ነኝ፣ አባዬ።»

«የቱ ላይ?»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይጠይቀኝ አልፎ አያውቅም። ቆምኩና ከመነሻው ጀምሬ ነገርኩት። «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከቢሮዬ በር።»

«እንዲህ በላ!» አለና ዘጋው።