የተነፈሰው ጎማ

ሰረቀብርሃን ብስክሌት መንዳት አይችልም ነበር። ይህን ኦክላንድ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሚስቱ ፀዲ እንኳ አታውቅም።

ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ የአንድ መኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነው። ሰዓት አክባሪ፣ ለቅሶ የማያመልጠው፣ በቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲደረደር ቀድሞ የሚደርስ ሰው። አንዲት ውሸት ግን ነበረችው። ልጁ ብሩክታዊት አራት ዓመቷ እያለ አልተኛም ብላ ስታስቸግረው፣ «እኔ እኮ አዲስ አበባ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበርኩ» ብሎ ጀመረላት። ውሸቷ ከልጅቷ ጋር አደገች። ማሊያ ለበሰች፣ ደብረ ዘይት ደርሳ ተመለሰች፣ ኋላም ዋንጫ በላች። እውነቱ ሌላ ነው። ሰረቀብርሃን ለአንድ የፋብሪካ ክለብ ተወዳዳሪዎች ውሃ የሚያቀብልና ብስክሌታቸውን የሚወለውል ሠራተኛ ነበር። ኮርቻው ላይ ውጣ ያለው የለም፤ እሱም ልሞክር ብሎ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 1994 የአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ጁላይ ፎር፣ ሰኞ ዋለ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛው ኩምሳ አር ቪ ተከራየ፤ አልጋና ምድጃ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ያለው ትልቅ መኪና ነው። «ሳክራሜንቶ ወስጄ ወንዝ ዳር አሳድራችኋለሁ» አላቸው። ብሩክታዊት ያኔ አሥር ሞልቷታል። ቅዳሜ ጠዋት የድሮውን ከተማ ዞሩ፣ የባቡር ሙዚየሙን አዩ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት ፎቶ ተነሱ። ሰረቀብርሃን ያን ጠዋት ሲያስታውስ «ደስታዬ ሙሉ ነበር» ይላል። ወንዙ ዳር የሚጠብቀውን አላወቀማ።

ከሰዓት በኋላ መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁመው ምሳ በሉ። ከዚያ በወንዙ ዳርቻ የተዘረጋውን የብስክሌት መንገድ አዩ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ብስክሌት ያከራያሉ። ብሩክታዊት ሮጣ ሄዳ በእንግሊዝኛዋ፣ «አባቴ በኢትዮጵያ ሬሰር ነበር፤ ዋንጫ አለው!» አለቻቸው።

የሽማግሌው ፊት በራ። ወደ ውስጥ ገብተው ጎማው የቀጠነ ሰማያዊ ብስክሌት እየገፉ መጡ። «ይሄ የራሴ ነው፤ ለማንም አላከራየውም» አሉ። «ለተወዳዳሪ ግን እሰጣለሁ።»

«ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል…» አለ ሰረቀብርሃን።

«ዳዲ! ዩ ፕሮሚስድ!» አለች ልጅቷ፤ አንድ ቀን ነድቶ ሊያሳያት ቃል ገብቶላት ነበር።

ኩምሳ እየሳቀ፣ «ሰረቀ፣ ዛሬ እንግዲህ ጉድህን እናያለን!» አለ።

«እናንተ ቅደሙ። ኮርቻውን አስተካክዬ እደርስባችኋለሁ» አላቸው ሰረቀብርሃን።

ሦስቱ ብስክሌት ተከራይተው ቀደሙ። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ገባ። የኋላውን ጎማ የአየር መግቢያ ክዳን ፈትቶ ውስጧን መርፌ በቤቱ ቁልፍ ጫፍ ተጫናት። ነፋሱ እያፏጨ ወጣ። የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት፣ ሣር ላይ ተንበርክኮ የሰው ጎማ ያስተነፍሳል። ሲጨርስ ክዳኑን መልሶ ገጠመና ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

ብሩክታዊት የዘገየባትን አባቷን ፍለጋ ዞራ መጣች። ፀዲና ኩምሳም ተከተሏት። ልጅቷ የተነፈሰውን ጎማ ስታይ በሽማግሌው ላይ ጮኸች።

«የተበላሸ ነው የሰጠኸው! አውቀህ ነው! ጥቁር ስለሆንን ነው አይደል?»

ሽማግሌው ደም መሰሉ። ፀዲ ከንፈሯን መጠጠች፤ ኩምሳ ክንዶቹን አጣምሮ ሽማግሌውን በክፉ ዓይን አያቸው። ሰረቀብርሃን ዝም አለ። ከሁሉ ይልቅ ያንን ዝምታውን ነው እስከ ዛሬ የሚያፍርበት።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጎማውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ነፉት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረው አሽከረከሩት። አንድ አረፋ አልወጣም፤ ጎማው ቀዳዳ አልነበረውም። ቀና ብለው ሰረቀብርሃንን ለአፍታ አዩት፤ ከዚያ ልጅቷን።

«ይቅርታ ልጄ» አሏት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠዋት ማየት ነበረብኝ። አሁን ደህና ሆኗል።»

ሁሉን እንዳወቁ ሰረቀብርሃን ገባው። እሱን ልጁ ፊት ላለማዋረድ ብለው ጥፋቱን ተሸከሙለት። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ጋለ።

«እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት» አለ በአማርኛ።

«ምን?» አለች ፀዲ።

ወደ ሽማግሌው ዞሮ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ደገመው። «እርስዎ ምንም አላጠፉም። እኔ ነኝ። መንዳት አልችልም፤ ችዬም አላውቅም።»

ብሩክታዊት አየችው። «ዋንጫውስ?»

«ዋንጫ የለም። እኔ ለተወዳዳሪዎቹ ውሃ ነበር የማቀብለው።»

እንድትጮኽበት ተመኘ። እሷ ግን ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «አይም ሶሪ» አለች። «የተናገርኩት ልክ አልነበረም። አይም ሪሊ ሶሪ።» ውሸቱ የእሱ፣ ይቅርታው የልጁ ሆነ። ሰረቀብርሃን መሬት ብትከፈትለት በወደደ ነበር።

ሽማግሌው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «ሂጂ፣ ወንዙን እይው፤ ሽመላዎች አሉ» ብለው ሸኟት። ከኩምሳ ጋር ሄደች፤ አባቷን ዞር ብላ አላየችውም።

ፀዲ አጠገቡ ቆመች። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር፣ ለእኔ እንኳ?»

ልጅቷ ጋ ልድረስ ብላ እሷም ሄደች።

ሽማግሌው ወንበር አወጡለት፣ ቀዝቃዛ ውሃም ሰጡት። «ከፈለግህ ኮርቻውን ይዤልህ ልትሞክር ትችላለህ» አሉት። ለመማር የሚያበቃ ፊት አልነበረውም። አመስግኖ ውሃውን ይዞ ወንዙ ዳር ተቀመጠ። ነጮች፣ ጥቁሮች፣ ሕፃናት፣ አሮጊቶች በፊቱ እየነዱ ያልፋሉ። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ «አልችልም፣ አሳዩኝ» ቢል ኖሮ።

ኩምሳ ነገሩን ለማንም አልተነፈሰም። ሰኞ ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ስለ ሙቀቱ ብቻ አወራ።

ቤት ከገቡ በኋላ ብሩክታዊት አላኮረፈችም። እንደ ድሮው እራት ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እንደ ድሮው ታቅፈዋለች። ግን አባቷ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር፣ ነገ ዕረፍት ነኝ ቢልም፣ ሱቁ ተዘግቷል ቢልም፣ ወደ እናቷ ዞራ «ማሚ፣ ኢዝ ዛት ትሩ?» ትላለች። ክፋት የለባትም፤ ለማወቅ ብቻ ነው። ፀዲ፣ «አዎ፣ እውነት ነው» ስትላት ምግቧን ትቀጥላለች። ይህ እስከ ገና ዘለቀ። ሰረቀብርሃን አንድም ቀን «ለምን እናትሽን ትጠይቂያለሽ?» ብሏት አያውቅም። እጁን ሳህኑ ላይ አቁሞ የሚስቱን መልስ ይጠብቃል።