ለአማቴ ያቀድኩላቸው መልስ

የልብስ ሳሙና ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። አትሳቂብኝ። ትናንት ለእንቁጣጣሽ የምለብሰውን ነጠላ ላጥብ ብዬ ያንን አሮጌ ሳፋ ከቆጥ ሳወርደው፣ ገና ሳሙናውን ውሃ ውስጥ ከማስገባቴ ሽታው ወጣና ያ ሁሉ ንዴት እንደ አዲስ ደረቴ ላይ ፊጥ አለ። ሌላ ሰው ሳፋ ሲያይ ልብስ ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ የአማቴ ፊት ነው። አንቺም ሕፃን ታቅፈሽ ስላየሁሽ ነው የማወራሽ።

ያኔ ሱሉልታ ከገባሁ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ነው። ባሌ "ኪራይ ከምንገፈግፍ እናቴ ግቢ ቤት አለ" ብሎ አመጣኝ። ግቢው ሰፊ ነበር፤ ላሞች አሉ፣ የድርቆሽ ክምር አለ፣ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ባሌ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ተጋፍቶ ከተማ ሥራ ይሄዳል። እኔ ጡት ከሚጠባው ወንድ ልጄ፣ አምስት ዓመት ከሆናት ሴት ልጄና ከአማቴ ጋር እውላለሁ። አማቴ አማርኛ አሳምረው ይችላሉ። ለእኔ የሚነግሩኝ በአማርኛ ነው፤ ስለ እኔ የሚያወሩት ግን በኦሮምኛ። ከባሌ እህት ጋር ይቀመጡና ዓይናቸውን ወደ እኔ ጣል እያደረጉ ይሳሳቃሉ። "ምን አሉ?" ስለው ባሌ "ኧረ ስለ ላሟ ነው" ይለኛል። ላሟ እኔ መሆኔን ለማወቅ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም።

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ባሌ ከሬዲዮ የሰማውን ፈሊጥ ይዞ መጣ። ምሳ ላይ ሁላችንም በየተራ የአዲሱን ዓመት እቅዳችንን እንናገር አለ። እሱ የማታ ትምህርት ሊጀምር፣ እህቱ ሱቅ ልትከፍት። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ልጄ ጡቴ ላይ ነው፣ ፀጉሬ አልተበጠረም፣ ዶሮው ከእኔ ጋር እልህ የተጋባ ይመስል አልበስል ብሎ እንግዳው ሁሉ ዳቦ እየቆረሰ ይጠብቃል። ገና አፌን ስከፍት አማቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። የባሌ እህት የጎነጨችው ጠላ ትን እስኪላት ሳቀች። ባሌ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ሳህኑ ባዶ ነበር።

ማምሻውን የልጄን እግር ሳጥብ "አኮ ቅድም ምን አለች?" አልኳት። አያቷን አኮ ነው የምትላቸው፣ እንደ አገሩ።

"ያቺ እንኳን ዓመት ልታቅድ፣ ምሳ ማቀድም አቅቷታል አለች" አለችኝ፣ ጣቶቿን ውሃው ውስጥ እያንቦጫረቀች።

ውሸት ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። ገና ሁለት ልጅ ወልጄ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ፣ በሰው አገር፣ በሰው ግቢ፣ ባሌ እንኳ አንዲት ቃል ሊመልስልኝ አልደፈረም። ዛሬ ዝም ካልኩ በዚህ ቤት እስክሞት ላም ሆኜ እቀራለሁ አልኩ። እዚያው እግሯን እያደረቅኩ ማልኩ፤ በሚመጣው እንቁጣጣሽ፣ በዚያው ማዕድ፣ በዚያው ቋንቋ ካልመለስኩላቸው እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም! ሰው ሊከሳ ያቅዳል፣ ሊቆጥብ ያቅዳል። የእኔ እቅድ አማቴን አፋቸውን ማስያዝ ነበር።

አስተማሪ ከየት ይምጣ? ከቤቴ! ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስትፈጭ ውላ ቋንቋውን ጨርሳዋለች። አማቴ ወተት ሊያስረክቡ ሲወጡ ጠብቄ ሳፋውን ከድርቆሹ ክምር ጀርባ አኖረዋለሁ። እኔ የሽንት ጨርቅ አሻለሁ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታስተምራለች። ቢሻን፣ ውሃ። ኮቱ፣ ነይ። "እንደዛ አይደለም እማዬ! ድገሚ!" ትለኛለች። ቁጣዋ ቁርጥ አያቷን። ደመወዟ ከረሜላ ነበር፤ ለአኮ ከነገረች ደግሞ ከረሜላው ይቀራል። ሕፃን ያላት ሴት ምን ትምህርት አላት፣ ገና አንድ ቃል ሳልይዝ ትንሹ ይነቃል፣ ወይ ዝናቡ ይመጣና ጨርቄን ይዤ እሮጣለሁ። ማታ ሳጠባው ግን ያንኑ ቃል በሆዴ እደግመዋለሁ። ቂም ካለሽ እንቅልፍ አይጥልሽም።

መጀመሪያ አንድም ሳይቀር የገባኝ ንግግር "ጨው ላይ እጇ አጭር ነው" የሚል ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተሰድቤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በማግስቱ ወጡ ላይ ጨዉን ሞጀርኩበት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ውሃ ሲጋት ዋለ። ከዚያ ወዲያ እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እንዳልሰማ ሽንኩርት እየከተፍኩ እያንዳንዷን አስቀምጣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንድ ቀን ግን ነገር ተበላሸ። ትንሹ ልጄ ጉንፋን ይዞት ሲያለቅስ አድሮ፣ ከሰዓት መደቡ ላይ ጋደም እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ አማቴ ልጁን አዝለው በበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከኋላ ቂጡን መታ መታ እያደረጉ በኦሮምኛ ያባብሉታል፦ "ተኛላት። እናትህ ደክሟታል። እዚህ ሰው የላትም፣ አንተ እንኳ እዘንላት።"

ዓይኔን መልሼ ጨፍኜ ሰማሁት። ምን ተሰማሽ ብትይኝ፣ ንዴት! ይህን በአማርኛ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ክፉውንም ከጀርባዬ፣ ደጉንም ከጀርባዬ? ቂሜን ሊበሉብኝ ነው እንዴ! እያልኩ እንባዬ በጆሮዬ ላይ ሲወርድ ዝም ብዬ ተኛሁ። እቅዴን ግን አልተውኩም። ያን ያህል የለፋሁበትን ነገር በአንዲት እሹሩሩ አልጥለውም።

ዓመቱ ዞሮ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። ዶሮዬ በሰዓቱ ደረሰ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ልጆቼ እንደ ቆርኪ ጠድተው ተቀመጡ። ባሌ ያንኑ የእቅድ ወሬውን ጀመረ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ቀደምኳቸው። በኦሮምኛ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፦ "ዓምና ምሳ ማቀድ አቃታት አሉኝ። ምሳው ይኸው። ዓመቱንም አቅጄው ነበር። እቅዴ ለእርስዎ መልስ መስጠት ነው" አልኳቸው።

የባሌ እህት ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ባሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን ያያል። እሰይ! አልኩ በሆዴ፣ እሰይ!

አማቴ ትኩር ብለው አዩኝ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ልደነግጥ ስል፣ ለካ ሳቅ ነው። "ማነው ያስተማረሽ?" አሉኝ በአማርኛ። "የስድስት ዓመት ሕፃን መሰልሽኝ እኮ!"

ልጄ ከጎኔ "እኔ ነኝ!" አለች፣ እጇን አውጥታ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይ አበሳዬ! ያን ሁሉ ጊዜ የተሳልኩለትን ስድብ፣ ልጄ አያቷን ዳቦ ስትለምን እንደምትሞላቀቀው እየተሞላቀቅኩ ነበር ለካ የተናገርኩት። ቃሉም ድምፁም የሷ። ፊቴ በርበሬ ሆነ። አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና "መሳደብ ከፈለግሽ ከእኔ ተማሪ። የእኔ ምራት ተብለሽ ገበያ ላይ እንዲህ ስታወሪ እንዳልሰማ" አሉኝ።

"እማራለሁ። ከተማርኩ በኋላ ግን ወዮልዎት" አልኳቸው።

ተማርኩም። ያው ሳፋ፣ ያው ሳሙና፣ ድንጋዩ ላይ ግን አማቴ። ስንሰዳደብ ኖርን ብልሽ ይሻላል። ልጆቹ አደጉ፣ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አማቴ ዕድሜ ሲጫናቸው አማርኛው ከአፋቸው እየሸሸ ሄደና የመጨረሻው ክረምት ላይ ፈጽሞ ጠፋቸው። ባሌ ሥራ ነው፣ እህቱ አግብታ ሰበታ ናት። ቀኑን ሙሉ የሚያዋራቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። በጳጉሜ ዝናብ ጣራው እየተንጫጫ፣ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

"ዘንድሮስ ምን አቀድሽ?" አሉኝ።

"እርስዎን ማሸነፍ።"

"መጀመሪያ ጨውሽን አስተካክይ።"

ጥሩ መልስ ያገኘሁላቸው ከቀብራቸው ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ባሌ ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው ብሎ ተቆጣኝ። ለማን ልንገረው? እሳቸው ብቻ ናቸው የሚገባቸው።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈ። ከትናንት በስቲያ ገበያ ወጥቼ በድርቆሽ ዋጋ ከአንድ ነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ፣ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ ግንባራቸውን በእጃቸው ጋረድ አደረጉ። በኦሮምኛ የአማቴን ስም ጠሩና "ልጇ ነሽ አይደል? ድምፅሽን ስሰማ እሷ የመጣች መስሎኝ ደነገጥኩ" አሉኝ።

አይደለሁም ኦቦ፣ ምራቷ ነኝ፣ ጠላቷ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

"ኤዬ" አልኳቸው። አዎ ማለት ነው።

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ባሌ እንደ ልማዱ ምሳ ላይ እቅድሽ ምንድን ነው ይለኛል። ጨዉን ማስተካከል እለዋለሁ።