የሚቀብር እንጂ የማያሳክም እድር

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት የወጣባት ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። እኛ ልጆቿ እንደ አፍንጫዋና እንደ ጆሮዋ ለምደነው ስለነበር ሕመም መሆኑን እንኳ ረስተነው ነበር። አባቴ ሞጣ ላይ ከሞተ በኋላ እኔ ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ስለነበር ወደ እኔ አመጣኋት። ደርግ መሬቱንም ቤቱንም ወርሶ፣ ቀበሌ የሚባለው ነገር ከተተከለ ከራርሟል። በዚያ ክረምት እንቅርቱ ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗ ይፈጣል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አንገቷን ዳበሰና፣ «ይሄ በኪኒን የሚመለስ አይደለም። ማርቆስ ሄዳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ያንቃታል» አለኝ።

በኔ ደመወዝ የሚሞከር ነገር አልነበረም። ያኔ አቅም የሌለው ሰው የሚታከመው ቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ሲጽፍለት ነው። ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝ። ስጨርስ ስንጥሩን አወጣ።

«እናትሽ ሞጣ እድር አላት አይደል? ያ ስሙ እዚህ ድረስ የሚነሣው፣ የሚያሳክመው እድር?»

«አላት።»

«አለቀ። መመሪያው ግልጽ ነው። የሚያሳክመው ማኅበር ያለው ሰው ነፃ አይጻፍለትም። ከሁለት ጡት አይጠባም፣ ጓዲት።»

እድሩን የመሠረተው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። መሪጌታ ነበር፤ የቅኔ ተማሪዎች የሚፈሩት፣ ከተማው የሚያከብረው ሰው። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ ግን እሱ እለዋለሁ። እድሩ እንደ ሌላው እድር ቀብሮ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ብቻ አይለያይም ነበር። አባል ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ መድኃኒቱን ይገዛል። ስሙም «የሕክምናና የመረዳጃ እድር» ነበር። እናቴ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ናት። መዋጮ አጓድላ አታውቅም፤ ለእድሩ ድግስ ጌሾ ስትወቅጥ እጇ ሲላጥ አይቻለሁ።

ስለዚህ ይዣት ሞጣ ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ነበር። እናቴ ቆማ፣ እየተነፈሰች፣ እያረፈች ችግሯን ተናገረች። ወንድሟ ጭራውን እያወዛወዘ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ደንባችን የሚያሳክመው አባል ከሆኑ በኋላ የመጣን ሕመም ነው» አለ። «ይህ እንቅርት ከእድሩ ይቀድማል። እማኝ ከተፈለገ እኔ አለሁ። አብሮ አደጌ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ቅኔ አዋቂ ሲናገር መሳቅ የለመደ ሰው ነው። ሳቁ ሲበርድ እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ገፋ አድርጋ፣

«መዋጮ ሳመጣ አንገቴ አይታያችሁም ነበር?» አለች።

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ጥቂቶቹ መሬት መሬት አዩ። ወንድሟ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚራራ መስሎ፣ «አንድ መላ አለ» አላት። «በፈቃዴ ከእድሩ ወጥቻለሁ በይ። ያኔ ቢቸና ያለው ቀበሌሽ ነፃውን ይጽፍልሻል።»

«ብሞትስ? ማን ሊያነሣኝ ነው?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

እናቴ ታላቅ ወንድሟን በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። «አንተ» አለችው። «አንተ! ስታመም አላውቅሽም፣ ስሞትም አላውቅሽም ካልከኝ፣ እስከ ዛሬ ያዋጣሁልህ ለምኑ ነው?» ከዚያ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ደግፌ ከግቢው አወጣኋት። አንድም ሰው ተከትሎን አልወጣም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እኛ ላይ ደረሰ። ቢቸና እድር አላት ብሎ ይመልሳታል፤ ሞጣ እድሩ አይመለከታትም ብሎ ይመልሳታል። ሁለቱም ደንብ ጠቅሰው ነው። እናቴ ባረፍንበት አክስቴ ቤት ትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ እያንቀላፋች ሳያት፣ ውስጤ ያለው ነገር ኀዘን አልነበረም። ጥላቻ ነበር። ማግስቱን ሞጣ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አጎቴን ከሰስኩ።

የማኅበራትን ጉዳይ የያዘው ካድሬ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ ነበር። ካህን አይወድም፤ እኔም እሱን አልወደድኩትም። ነገሬን ሰምቶ ሲያበቃ ዓይኑ በራ። ለእናቴ አዝኖ ሳይሆን መሪጌታ የሚያዋርድበት ምክንያት ስላገኘ ነው። አውቄዋለሁ። ቢሆንም አላፈገፈግኩም።

አጎቴ ተጠርቶ መጣ። ካድሬው ሳያስቀምጠው መመሪያ አነበበለት፤ በሕክምና ስም መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር አባሉን ሕመም ሳይለይ ማሳከም አለበት፤ ሕመም እየመረጠ የሚያሳክም ማኅበር በሕክምና ስም ሊጠራ አይችልም።

«ልጄ» አለ አጎቴ፤ «እኛ ባለጸጋ አይደለንም። ሁሉን ሕመም እናሳክም ካልን በዚች አንድ እንቅርት ብቻ ካዝናችን ይደርቃል። ትኩሳት የያዘውን፣ የተሰበረውን፣ ወሊድ የጠናባትን እናሳክማለን። ይህ ጥፋት ነው?»

«ልጄ አይበሉኝ፤ ጓድ ይበሉኝ» አለ ካድሬው።

እኔ መሐል ገባሁ። «ታዲያ አንቱ፣ ‹ይህን አናሳክምም› ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገራችኋትም?»

አጎቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የእህትዎ።»

ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «ወይ ሴትዮዋን አሳክሙ፣ ወይ ሕክምና የሚለውን ስም አውርዱ። ሦስተኛ መንገድ የለም።»

እድርተኛው ተሰብስቦ መከረ። ስሙን ማውረድ መረጡ። ከዚያ ወዲያ የሚቀብር እንጂ የማያሳክም እድር ሆነ። ትኩሳት የያዘውንም፣ የተሰበረውንም፣ ወሊድ የጠናባትንም ተዉ። አጎቴ ይህን ያደረገው በእልህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ርኅራኄ ብዙ ቅኔ የሚዘርፍ ሰው፣ እድርተኞቹ ለአንዲት እህቱ ሲሉ ትንሽ ቢጨምሩ ሊያሳክሟት ይችሉ እንደነበር ያውቃል።

እድሩ ማሳከም መተዉን የሚገልጸውን ውሳኔ ይዤ ቢቸና ተመለስኩ፤ ከእንግዲህ ነፃውን የሚከለክላት ደንብ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ እያለ አመላለሰኝ። በመጨረሻ እናቴን ራሷን አምጪ አለ። አመጣኋት። በረንዳው ላይ ፀሐይ ላይ አቆማት፤ መቀመጫ አልሰጣትም። የነፃ ሕክምናውን ወረቀት የጻፈችው የቀበሌው ጸሐፊ ማኅተም ልትመታ ስትል እጇን ያዘና እናቴን፣ «አብዮቱ እንዳሳከመሽ አትርሺ» አላት።

«አልረሳም» አለች እናቴ። «ማን እንዳቆመኝም አልረሳም።»

በደጀን በኩል ማርቆስ ሄድን፤ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ዳነች። ድምፅዋ ብቻ ጎርነን ብሎ ቀረ። እንደ ካህን ሆንኩ እያለች ትስቅ ነበር፤ እንቅልፏን ግን በጀርባዋ ተንጋላ መተኛት ጀመረች፤ እኔም እሷን እያየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ቁርጥ ሳይል አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ሞጣ ስሄድ የሚያውቀኝ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የድሮ ጎረቤታችን መንገድ ዘጋችብኝ። ባሏ እግሩ ተሰብሮ፣ እድሩ መርዳት አቁሞ ስለነበር ወጌሻ ብቻ አይቶት፣ አጥንቱ ጠምሞ ገጥሞ ቀርቷል።

«እናትሽ ዳነች» አለችኝ። «የእኛን ማን ያድነው? ባትነኩት ኖሮ ይኸው ይረዳን ነበር።»

«እድሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ወንድሟን ጠይቂ።»

«ለካድሬ አሳልፎ የሰጠው ማነው?»

«እናቴ ታንቃ ትሙት ነው የምትዪኝ?»

እግሬ ሥር እንትፍ አለችና ሄደች። ለባሏ አዘንኩ፤ እሷን ግን ይቅር አላልኳትም። ያ ሁሉ ሰው በዚያ እሑድ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲስቅ እሷም ነበረችበት።

አጎቴ ከጊዜ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ካህናት ቢቸና ድረስ መጥተው፣ ደም አይደላችሁም ወይ፣ የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁም ወይ እያሉ ለመኗት። እናቴ ምሳ አቀረበችላቸው፤ እጃቸውን አስታጠበች፤ መስቀላቸውን ተሳለመች። ዕርቁን ግን እንቢ አለች።

«በሉልኝ» አለች፤ «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከሆነ የላካችሁ፣ ራሱ ይምጣ። ደንቡ ትክክል ነበር ብሎ ከሆነ ደግሞ፣ ደንቡ እህት ይሁነው።»

አልመጣም። እናቴ በዚያው ዓመት ቢቸና ሰፈራችን ካለው እድር ገባች። መዝጋቢው ደንቡን ሊያነብላት ሲጀምር አቆመችው፤ «የምታደርጉትን ተወው፤ እሱን ሁሉም ይናገራል። የማታደርጉትን ንገረኝ» አለችው።