ነጠላ ሰረዝ

ቁጥሮችን ሲደረድር በስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር ዘንግ ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ ዘንጎቹ ቦታ እየተለዋወጡ ከአጭር ወደ ረጅም ይሰለፋሉ። መደርደሩ አላስቸገረኝም። ያንገሸገሸኝ ቁጥር የሚያስገባው ሰው ነው። አንዱ ሳጥኑን ባዶ ትቶ «ጀምር» የሚለውን ይጫናል፤ ሌላው በፊደል «ሰባት» ብሎ ይጽፋል። ሰው የተጻፈለትን ማንበብ ምን ይከብደዋል እያልኩ ስነጫነጭ ከረምኩ።

ቅዳሜ ከእንጅባራ በሚኒባስ ዳንግላ ወላጆቼ ቤት ሄድኩና ላፕቶፑን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ፈተና ራሳቸው ይተይቡ ስለነበር ኪቦርድ አያስቸግራቸውም። ስክሪኑ «ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ ለይተው ያስገቡ» ይላል። ቀስ ብለው ጻፉ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ስህተት። ነጠላ ሰረዝ ይጠቀሙ።» ደግመው ጻፉ። ያው ቀይ መጣ።

«አባባ፣ የተጻፈውን ያንብቡት እንጂ» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

አልተቆጡም። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። በየቁጥሮቹ መካከል የኛዋ «፣» በሥርዓት ተቀምጣለች። መልእክቱን በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፕሮግራሜ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ኮማ ብቻ ነው።

«ይህችን ምልክት ምን ብለህ ነው የተማርካት?» አሉኝ።

ነጠላ ሰረዝ ብዬ ነው። አራተኛ ክፍል፣ በእሳቸው ጠመኔ።