የሚስቴ አባትና ቀዩ የውድድር ቀበቶ

ከማግባቴ በፊት አንዲት አሮጌ የጃፓን መኪና ነበረችኝ። አሮጌነቷን ሰው እንዳያውቅባት ያላደረግኩላት ነገር የለም። ሰፋፊ ጎማ ገዛሁላት፣ መስታወቷን አጠቆርኩ፣ በመጨረሻም የመኪና ውድድር ነጂዎች የሚታሰሩበትን ቀይ ቀበቶ ለሁለቱም የፊት ወንበሮች አስገባሁላት። ተራ ቀበቶ የሚይዘው አንድ ትከሻና ወገብ ነው። የእኔ ግን ሁለቱንም ትከሻ ከላይ፣ ሁለቱንም ጎን ከታች ይዞ ሆድ ላይ በአንድ ክብ መቆለፊያ ይገናኛል። መቆለፊያውን ዞር ሲያደርጉት አራቱም ማሰሪያ በአንዴ ቷ ብሎ ይለቃል። ያቺን ቷ ለመስማት ስል ብቻ ቆሜ ባለሁበት አስሬ የምፈታና መልሼ የማስር ሰው ነበርኩ። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኜም አልክድም፤ ውብ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ይኼማ አንቀልባ ነው!» አለች። እኔን ከጎንደር ያወጣችኝ በአንቀልባ አዝላ ስለሆነ፣ ሁለት ትከሻ የሚይዝ ነገር ሁሉ ለእሷ የታመነ ነው። እኔም የእናቴን ቃል እንደ መሐንዲስ ማረጋገጫ ቆጠርኩት። ሁለት ትከሻ ከአንድ ይበልጣል፤ አራት ማሰሪያም ከሦስት ይበልጣል። ሒሳቡ ለእኔ በጣም ቀላል ነበር።

የሚያስቸግረኝ በየዓመቱ የሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ ቴስት የምንለው ብቻ ነበር። በቀዩ ቀበቶ እንደማያሳልፉኝ ስለማውቅ፣ በዓመት አንድ ቀን መኪናዋ ስትሠራ አብሯት የመጣውን ቀበቶ ከሕንፃችን ሥር ካለችው ዕቃ ቤት አውጥቼ እገጥማለሁ። ወረቀቴን ተቀብዬ ስመለስ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ፈትቼ ቀዩን እመልሳለሁ። ይህንንም እንደ ጉብዝና ለጓደኞቼ አወራ ነበር።

ዛሬ ሚስቴ የሆነችው ልጅ ያን ጊዜ ሃይፋ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። በድብቅ ነበር የምንዋደደው፤ በድብቅ ማለቴ ከአባቷ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። የእኔ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ሲነሱ እሷ ከለከለችን። «መጀመሪያ አባቴ ይይህ። ሳያይህ ሽማግሌ ከመጣበት እምቢ ይላል፤ አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ እግዜር ራሱ ቢለምነው አይመለስም» አለችኝ። ስለዚህ ሁሉ ነገር በአንድ መታየት ላይ ቆመ።

መታየቱ የመጣው አባቷ እኛ ሰፈር፣ አፉላ ከተማ ዳገት ላይ ባለችው አፉላ ኢሊት፣ ያሉትን ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ በተነሱ ጊዜ ነው። የእህታቸው ቤት ከእኛ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ልጅቷ ደወለችልኝ።

«ሐሙስ ጠዋት በራኬቬት ይመጣል። ከባቡር ጣቢያው አንተ ተቀበለውና አድርሰው።»

«ምን እንደሚወዱ ንገሪኝ እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከመኪና ጋር ነው የሚሠራው።»

ከመኪና ጋር! የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። ረቡዕ ማታ መኪናዋን አጠብኩ፣ ቀዩን ቀበቶ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። በሐሳቤ ሰውየው ቀበቶውን ዳበስ አድርገው «አይ ጎበዝ!» ሲሉኝ ይታየኛል።

ሐሙስ ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ከመኪናው አልወረድኩም። እንደ ተወዳዳሪ ጥብቅ ብዬ እንደታሰርኩ እንዲያዩኝ ፈለግኩ። ባቡሩ ደረሰ፤ ለእረፍት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ወታደር ከነቦርሳው ተግተልትሎ ወጣ፤ ከሁሉም ኋላ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው መጡ። በፎቶ አውቃቸዋለሁ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ብለህ «ኖር» ትላለህ፤ «በእግዜር» ካሉህ በኋላ ነው የምትቀመጠው። ሰውነቴ ይህን ከልጅነቱ ስለለመደ ሳላዘው ብድግ አለ። ማለት፣ ሊል ሞከረ። ቀበቶው መልሶ አስቀመጠኝ። እንደገና ተነሳሁ፤ እንደገና ቁጭ አደረገኝ። መቆለፊያውን ላዞር ብል ለዚያ ቀን ብዬ የገዛሁት ሸሚዝ ጫፉ ገብቶበት አልዞር አለ።

«ኖር፣ አባባ! ኖር!» ብዬ ከወንበሬ ላይ ጮህኩ።

ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«የታመመ ሰው ነው እንዴ የላከችብኝ?» አሉ።

ከዚያ የተሳፋሪውን በር ከፈቱ፤ ግን አልተቀመጡም። ቀዩን ማሰሪያ በሁለት ጣታቸው ያዙና፣ የጠፋ ጥጃ ገመድ እንደሚከተል ሰው በወንበሩ አናት አልፈው ወደ ኋላ፣ ከኋላም ወደ ታች ተከተሉት። መጨረሻውን የኋላው መቀመጫ ሥር፣ ወለሉ ላይ አገኙት።

«ከወለል ጋር ነው ያሰርኸው?»

«አዎ አባባ፣ በጣም ጠንካራ ነው።»

«ጥንካሬውን አልጠየቅሁህም» ብለው በሩን ዘጉና ኋላ ገቡ። እግራቸውን በማሰሪያዎቼ መሀል እንደምንም አስገብተው ተራውን ቀበቶ ጎተት አድርገው አሰሩ። እኔ ከፊት እንደ ሹፌር፣ እሳቸው ከኋላ እንደ ሚኒስትር ሆነን ጉዞ ጀመርን። የጆሮዬ ጫፍ ሳይቀር አፍሮ ነበር።

መሀል ከተማው አደባባይ ላይ ስንደርስ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ከግራ የሚመጣውን ሁሉ ከለለብኝ። እንዲህ ሲሆን ሰው ወደ መሪው ጎንበስ ብሎ አሻግሮ ያያል። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ከወንበሩ አይላቀቅም። ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ጡሩንባቸውን አቀለጡት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ሰውየው።

«አይታየኝም አባባ።»

«ጎንበስ በል እንጂ!»

«አያስጎነብሰኝም።»

ከዚያ አንገታቸውን አስግገው «ነጭ መኪና አለ፣ ቆይ… ሴትዮዋ ትለፍ… አሁን ሂድ!» ማለት ጀመሩ። የከተማውን አደባባይ ሁሉ እንደ ዓይነ ስውር እየተመራሁ አለፍኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። በመስታወቱ ሳያቸው ግን ከከንፈራቸው ጥግ ፈገግ እንደማለት ያሉ መሰለኝ።

ወደ አፉላ ኢሊት የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ምግብ የሚያደርስ ሞተር ብስክሌት ከጎን ዘው አለ። ፍሬን ያዝኩ። ያን ጊዜ ቀበቶዬ ምን እንደሚሠራ አየሁ። ከትከሻዬ የወረዱት ማሰሪያዎች የወገቡን ማሰሪያ ወደ ላይ ሳቡት፤ እኔ ወደ ታች ሾለክኩ፤ ከዳሌዬ ላይ የነበረው ማሰሪያ ጎድኔ ሥር ገብቶ ትንፋሼን ቁርጥ አደረገው። ባለ ሞተሩ እጁን አውለብልቦ ሄደ። ቁርሴ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ደህና ነህ?» አሉኝ። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ለስላሳ ቃላቸው ይሄ ነበር።

«ደህና ነኝ።»

«የመኪናው የራሱ ሐጎራ አለህ ወይስ ጥለኸዋል?»

«የራሷ ቀበቶ አለ፣ ዕቃ ቤት ነው። ለቴስት ጊዜ…»

«ለቴስት!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። «ለመርማሪው በዓመት አንድ ቀን ደህና ሰው ትሆናለህ በለኛ! እህቴ ትቆይ። ወደ ቤትህ ንዳ።»

ሥራቸው ምን እንደሆነ የሰማሁት መኪና ማቆሚያችን ላይ ነው። ዕድሜያቸውን የገፉት የተጋጩ መኪኖች ተፈትተው ዕቃቸው በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ኖሯል። ኮታቸውን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉና መፍቻ ተቀበሉኝ።

«መኪና ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ሐጎራውን ነው» አሉ እየፈቱ። «ተወጥሮ፣ በቢላ ተቆርጦ ካገኘሁት ተመስገን እላለሁ፤ ሰው ታስሮበት ነበር፣ ቆርጠው አውጥተውታል። እንደ አዲስ ተጠቅልሎ ካገኘሁት ግን ያልታሰረ ሰው ሞቶበታል ብዬ እጄን ልታጠብ እሄዳለሁ።»

«እንዲህ ያለውንስ አይተዋል?»

«አንድ ጊዜ። መኪናው ተገልብጦ ጣራው ወርዷል። ወንበሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ቀበቶው አልተበጠሰም፤ እንዳልኸው ጠንካራ ነበር።»

የነጂውን ነገር ግን አላነሱም። የውድድር መኪና ውስጡ በብረት ቧንቧ የታጠረ ስለሆነ ጣራው በነጂው ላይ እንደማይወርድ፣ ወንበሩም ለዚያው ማሰሪያ ተብሎ እንደሚሠራ፣ የነጂው አንገት እንዳይሰበር የራስ ቁሩ ከትከሻው ጋር እንደሚያያዝ አስረዱኝ። «አንተ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቀበቶውን ብቻ ነው ያመጣኸው። ጣራው ሲመጣብህ ወዴት ትጎነበሳለህ?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና ተናድጄ ነበር። በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ ሰፈሬ! ክርክር አማረኝና የእናቴን አንቀልባ አመጣሁባቸው። ልጅ በሁለት ትከሻው ታስሮ አይደለም ወይ የሚያድገው አልኳቸው። ሰውየው መፍቻውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አንተዬ! አንቀልባ ከእናት ጀርባ ጋር ነው እንጂ ከወለል ጋር ይታሰራል እንዴ? እናት ስትጎነበስ ልጁም አብሮ ይጎነበሳል!»

ሳቃቸው ንዴቴን ወሰደው። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? በሳቅ መሀል ግን እጃቸው የተሳፋሪው ወንበር ሥር ገብቶ አንዲት ሰማያዊ የፀጉር ማስያዣ ይዞ ወጣ። ሁለታችንም የማን እንደሆነች እናውቃለን። ሳቁ ቆመ።

«ልጄ የምትቀመጠው እዚህ ነው?»

«አዎ አባባ።»

ማስያዣዋን በኪሳቸው ከተቱ።

«ልጄን ላንተ ልሰጥ እችል ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህ ወንበር ግን አልሰጥም።»

ሁለተኛውን መፍቻ አነሳሁና በሌላው በር ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሰዓት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ሰዓታት አንዱ ነው። እሳቸው ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ፣ ወለሉ ላይ ተኝተን ብሎን እንፈታለን፤ «ያዝልኝ፣ ሳበው፣ ልቀቀው» እንባባላለን። ቀዩ ሲወጣ ለአንድ ጓደኛዬ ልሸጠው እችላለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ከኪሳቸው ቢላ አውጥተው የሁለቱንም ወንበር ማሰሪያ ቆራረጡት። «ሌላ እናት አታልቅስበት» አሉ። አንጀቴ አብሮ ተቆረጠ፤ አፌ ግን «ልክ ነው አባባ» አለ። የመኪናዋን የራሷን ቀበቶ ከዕቃ ቤት አምጥቼ ስንገጥም፣ የመጨረሻውን ብሎን ቶሎ ቶሎ ሳጠብቅ ደግሞ «ተው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው እንደገና አስፈትተው አስጠበቁኝ።

እናቴ ልታይ ስትወርድ ከመኪናዬ በር የወጡ ሁለት የሽማግሌ እግሮች አገኘች። ማን እንደሆኑ ስነግራት ጉንጯን ይዛ «አንተ የተረገምክ! ሽማግሌ ሳትልክ ሰውየውን አሽከር አደረግኸው!» ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን እንደተኙ «ተይው እመቤቴ፣ ደህና እየሠራ ነው» አሏት። ሮጣ ወጥታ ቀዝቃዛ ውኃና የተቆረጠ ሐብሐብ ይዛ ወረደች።

ሁሉም ሲያልቅ ፊት ወንበር ተቀመጡና ቀበቶውን ቀስ ብለው ጎተቱት፤ መጣላቸው። ነጠቅ አደረጉት፤ ቀጥ ብሎ ያዘ።

«አየህ? በቀስታ ለሚጠይቅ ይሰጣል፤ ለሚነጥቅ አይሰጥም።»

የሚናገሩት ስለ ቀበቶው ብቻ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። እህታቸው ዘንድ ወስጄ ምሳ እስኪበሉ ውጭ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ወደ ጣቢያው መለስኳቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ባቡሩ ይሄድና ነገሩ እንዲሁ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

ጣቢያው አጠገብ ያለው መብራት ቀይ ሆኖ ሲያስቆመን መሪው አጠገብ የሰቀልኩት ስልክ ጮኸ። እሷ ናት። ሳላስብ ነካሁት፤ ድምጿ መኪናውን ሞላው።

«ኑ? ማ ካራ? ምን ተፈጠረ? አባዬ ምን አለ? ወደደህ? ንገረኝ እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልበላሁም!»

አፌን ስከፍት ሰውየው ጣታቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ወደ ስልኩ ተጠጉ።

«ስለ መኪና ምንም አያውቅም» አሉ።

ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝና ቀጠሉ።

«ሲነግሩት ግን ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

እልልታዋ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ እንባዬ በአገጬ ይወርዳል። እሳቸው ፊት ለፊት እያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«አረንጓዴ በርቷል፤ ንዳ» አሉኝ።