የመጀመሪያው ቋሚ

አባቴ አናጢ ነበር። ነበር የምለው ሞቶ አይደለም፤ ዕድሜ ይስጠውና አሁንም አምቦ ውስጥ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል። መዶሻውን ስላስቀመጠ ነው። ድሮ በአውቶቡስ ወደ ጉደር ወይ ወደ ጌዶ ስንሄድ ጣቱን ወደ መስኮቱ እየቀሰረ "ያ የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው፣ ያኛውም የኔ ነው፤ ግን ባለቤቱ ስስታም ስለነበር ማገሩ ሳስቷል" ይለን ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የሰው ቤት ሁሉ የሱ ነበር። እኛ ግን የኖርነው ጣራው በሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ "ለሰው ሲሆን እጅህ ይፈጥናል" ብላ ስትነዘንዘው "የመንግሥት ቤት ነው፣ ሚስማር ብመታበት ይጠይቁኛል" ይላል። እሷም ባልዲ ታስቀምጥበታለች።

አባቴ ንጉሥ ቢለምነው የማይሽረው አንድ ደንብ ነበረው። የአንድን ቤት የመጀመሪያ የማዕዘን ቋሚ ሲያቆም የባለቤቱ አባት መጥቶ በእጁ ካልያዘው አንዲት ሚስማር አይመታም። አባት ከሌለ አጎት፣ አጎት ከሌለ የሰፈር ሽማግሌ። አባትየው ቋሚውን በሁለት እጁ ይዞ "ከዚህ ቤት እህል አይጥፋ፣ ሰው አይጥፋ፣ ሳቅ አይጥፋ" ይላል፤ አባቴ "አሜን" ብሎ የመጀመሪያውን ማገር ይመታል። አንዴ ጌዶ ላይ የባለቤቱ አባት ከብት ገበያ ሄደው ሲያሻሽጡ ስለዋሉ አባቴ መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቃቸው። ሠራተኞቹ ሲነጫነጩበት "ቤት ያለ አባት ይቆማል እንዴ?" አላቸው። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መቶ ጊዜ የሰማሁትን ነገር ነው እንግዲህ የረሳሁት።

እኔና ባለቤቴ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ተከራይተን ኖረናል። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፣ አልዋሽም፤ ግን ልጄ ስትሮጥ "ወለሉን!"፣ ስንስቅ "እረ ቀስ!"፣ ውሃ ስንቀዳ "ገና አሁን ቀድታችሁ አልነበር?" ይላሉ። ግድግዳቸው ላይ ሚስማር መምታት ጭራሽ የማይታሰብ ነው። የአናጢ ልጅ ሆኜ ነጠላዬን የምሰቅልበት አጥቼ ሰባት ዓመት ወንበር ላይ ጣልኩት። ስለዚህ ከከተማው ዳር ትንሽ ቦታ አግኝተን "ልንሠራ ነው" ስንባባል እኔ እንደ እብድ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር የምሄደው። ቢሮ መዝገብ ስፈልግ ሁሉ እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሻይ ሲሰጡት ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ይፈሳል፤ እሱም ያላየነው መስሎት እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። ያንን እጅ እያየሁ "ቤት ሥራልኝ" ማለት አልቻልኩም። "ሌላ አናጢ ይዣለሁ" ማለት ደግሞ ሞት ሆነብኝ። ጭንቀቴን ለባለቤቴ ስነግረው "ለምን ሰርፕራይዝ አናደርገውም? ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉን እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው!" አለኝ። ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ነው፤ መርፌ ሲወጋ እንኳ "አሁን ነው፣ ትንሽ ያምሻል" ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰርፕራይዝ የሚባለውን ነገር ከየት እንዳመጣው እንጃለት። እኔ ሞኟም "ጥሩ ብለሃል" አልኩት።

ከጉደር አንድ አናጢ አመጣን። ለጭቃው የባለቤቴ ዘመዶች ከጌዶ በኩል ለደቦ መጡልን፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ጭቃና ጭዱን በእግራቸው እየረገጡ በኦሮምኛ ሲያዜሙ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተመለከተ። እኔ "ገላቶማ፣ ገላቶማ" እያልኩ ከማመስገን ሌላ ቃል ጠፋኝ። አማቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፣ እሳቸው ሳይቀሩ ገብተው ረገጡ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ አለመኖሩ ትዝ ያለኝ ማታ እግሬን ስታጠብ ነው።

አምቦ ደግሞ ምን ይደበቅባታል! ቤቱ ጣራው እንኳ ሳይመታ አባቴ ለቅሶ ሊደርስ በሄደበት ድንኳን ውስጥ አንድ የድሮ ወዳጁ "እንኳን ደስ ያለህ! ልጅህ ቤት እያቆመች ነው አሉ፤ አንተ ነህ የያዝክላት?" ብሎ ይጠይቀዋል። አባቴም "አዎ" አለ። እናቴ ናት የነገረችኝ። "አዎ ብሎ ዋሸልሽ፤ ቤት ሲመጣ ግን እራት አልበላም" አለችኝ። እሱን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሮጬ ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና "እንዴት አደሩ፣ እሜቴ?" አለኝ።

እኔን! የገዛ ልጁን! አባቴ ሲቆጣ ይጮሃል፣ ሲብስበት ይሳደባል፤ ሲከፋው ግን "እርስዎ" ይላል። "አባዬ፣ ልናስደስትህ ብለን እኮ ነው" አልኩት። "ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ቤቱ አልቆ ቁልፉን ስንወስድለት በሁለት እጁ ተቀብሎ አየት አድርጎ መለሰልን። "ቁልፍ የባለቤቱ ነው። እኔ እግሬን ያመኛል፣ ዳገት አልችልም።" ቤታችን ያለው ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌ ላክንበት፤ በጠላ አስተናግዶ "እኔ መች ተጣላሁ?" ብሎ ሸኛቸው።

ያለ እሱ ገባን። ገብተን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስታው ሊያሳብደን ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ገና ዕቃ ሳይፈታ መዶሻ ፈልጌ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር መታሁ። የምሰቅለው ነገር እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር። ባለቤቴ "ምን ልትሰቅዪበት ነው?" ሲለኝ "ምንም! ቤቴ ነው!" አልኩት። እንግዳ የሚባል ጎረፈ። ያገራችን ሰው ለአዲስ ቤት ብርጭቆ ነው የሚያመጣው፤ ወንበራችን አራት፣ ብርጭቋችን ስድስት ደርዘን ሆነ። ሰው ቆሞ ይጠጣ ነበር። የሚገባው ሁሉ በር ላይ "ቤት ለእንቦሳ!" ሲል፣ እኛ "እንቦሳ እሰሩ!" ስንል፣ ያኔ አራት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ነገሩ ጨዋታ መስሏት ለመደችው። ከዚያ በኋላ በር የተንኳኳ እንደሆነ ቀድማን እየሮጠች "እንቦሳ እሰሩ!" ትላለች። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ሳይቀር እንቦሳ እሰር ብላዋለች።

እንዴት ያለ ኑሮ ነው ብላችሁ! ከሥራ ስመለስ ልጄ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ስትሮጥ ማንም "ወለሉን!" አይላትም። ባለቤቴ ጓሮ ጎመን ተክሎ ቅጠሉን እንደ በሽተኛ በየቀኑ ያገላብጣል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዳችን ሌላውን አንሰማም፤ "ጨው አቀብለኝ" ስለው ሳሙና ይዞ ይመጣል፤ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሦስታችን አንድ አልጋ ላይ ተሰብስበን የማያልቅ ተረት እናወራለን። አንዳንዴ ዝም ብዬ ግድግዳዬን በመዳፌ እዳስሰዋለሁ። የሰፈሩ ውሻ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ። እማዬ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ከኋላዋ ማንም የለም። እህል ጎድሎብኝ አይደለም፣ ጤናም አልጎደለብኝም፤ የቀረኝ የአባቴ እግር ብቻ ነበር። እሱ ካልገባበት ይህ ቤት ግማሽ ቤት ነው እያልኩ ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ በራችንም አበጠ። አናጢያችን እርጥብ ጣውላ ነው የሠራበት። አባቴ ድሮ "እርጥብ እንጨት በጋውን ይዋሽሃል፣ ክረምት ሲመጣ ግን ይናዘዛል" ይል ነበር፤ ተናዘዘልን። በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፣ የተዘጋ ዕለት ደግሞ አይከፈትም። ባለቤቴ መዝጋቱን ተወና ገርበብ አድርጎ ከውስጥ ትልቅ ድንጋይ ያስደግፍበት ጀመር። ልጄ ታዲያ አያቷ ጋ ስትሄድ ምን ትላለች? "አባባ፣ የኛ ቤት በር አይዘጋም። አባቢ ድንጋይ ያደርግበታል። ጅብ ይገባል?"

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ልብስ ሳጥብ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አባቴ ቆሟል፤ በአንድ እጁ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዟል፣ ሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አልሳመኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ በሩን ከላይ እስከ ታች አየና በጣቱ ቆረቆረው። "ይሄ በር ነው? ይሄ ውሃ የጠጣ የሣር ክዳን ነው!" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ "አንቺ! ምን ገትሮሻል፣ ነይ ያዢልኝ እንጂ!" ብሎ ጮኸብኝ። አንቺ ማለቱ! በአረፋ እጄ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ደፉን ሳይረግጥ፣ በሩን ነቅለን ግቢው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደምነው። በመላጊያው ጠርዙን ሲልገው እንጨቱ እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ወደቀ። በሁለት እጁ ሲገፋ እጁ ደህና ነበር። ማጠፊያውን መልሶ ሊመታ ሲል ግን እኔ ሚስማሩን ይዤለት መዶሻው ሳተና አውራ ጣቴን አገኘው። ወይኔ ጣቴ! ብዬ ልጮህ ስል ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።  ከዚያ መዶሻውን አዙሮ ሰጠኝና "ምቺ፤ እኔ ልያዝ" አለ። እሱ ያዘ፣ እኔ መታሁ።

በሩን መልሰን ስንሰቅል ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ በራፉ ላይ ቆሞ "አባባ፣ ይግቡ እንጂ" አለው።  አባቴ ግን እኔን "ግቢና ከውስጥ ዝጊው፤ እንየው" አለኝ። ገባሁ። በአንድ ጣቴ ብገፋው ያ ስንት ጊዜ በትከሻዬ የታገልኩት በር ድምፅ ሳያሰማ ገጥሞ ተዘጋ። እኔ ከውስጥ፣ አባቴ ከውጭ ሆንን። መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ሲከት ይሰማኛል። በቃ ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ። ከፍቼ እንዳልጠራው ደግሞ አፍሬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በሩ ተንኳኳ።

"ቤት ለእንቦሳ!" አለ አባቴ።

 ልጄ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ "እንቦሳ እሰሩ!" ብላ ጮኸችና ራሷ ከፈተችለት።

ገባ። አልተቀመጠም። ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ምንም ያልተሰቀለበትን ሚስማሬን አየ። "የመጀመሪያው ቋሚ የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ አላውቀውም፤ ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ። ባለቤቴ ወደ ምሥራቁ ማዕዘን እየጠቆመ "እዚህ ጋ፣ ልስኑ ውስጥ ነው" አለው። "ማን ያዘው?" ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። "ማንም አልያዘውም፣ አባባ። አናጢው ብቻውን ነው ያቆመው።"

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። "አባዬ፣ ንቄህ አይደለም። እጅህን አይቼ ነው ሥራልኝ ያላልኩህ" አልኩት እያለቀስኩ።

"ማን ሥራልኝ በይኝ አለሽ?" አለኝ። "አናጢማ ሞልቷል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አባት ሲይዝ እኔ ስመታ ኖርኩ። አንድ ቀን፣ በልጄ ቤት፣ ሌላው ይመታል እኔ እይዛለሁ እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ለመያዝ ደግሞ እጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ይላል?"

እኔ ያ ሁሉ ወር ያኮረፈብኝ እሱ ውስጥ ያለው አናጢ መስሎኝ ነበር። ለካስ አባቴ ነው።

ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ሁለት እጁን ልስኑ ላይ አሳረፈ። "ከዚህ ቤት እህል አይጥፋ" አለ፣ ድምፁ ትንሽ ሰለለ፤ "ሰው አይጥፋ፣ ሳቅ አይጥፋ።" "አሜን" አልን። ከዚያ ወደኔ ዞሮ የተመታውን ጣቴን ያዘና "አሳይኝ እስቲ፣ አብጧል?" አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጣቴን አልለቀቀኝም።