የፍራጅ ቋጠሮ

ፍራጅ ሲሞት ለሚስቱ ለመብሩካ የቀራት ባሕር ውስጥ የተተከለ አጥር ነው። በቱኒዝያ፣ በከርከና ደሴት ዙሪያ ባሕሩ ከወገብ አያልፍም፤ የዘንባባ ዝንጣፊ በተርታ ተተክሎ ዓሣውን ወደ ወጥመድ ይመራል። ቦታው እንደ እርሻ ከአባት ይወረሳል፤ የማን አጥር የት እንደሚያልፍ በደሴቱ የማያውቅ የለም። እያንዳንዱ ቤትም ዝንጣፊውን የሚያስርበት የራሱ ቋጠሮ አለው። ፍራጅ የእሱን ለማንም ሳያስተምር ሄደ።

አንድ ጠዋት መብሩካ ብትወጣ አጥሩ በሙሉ የለም። ከማዶ፣ ከስፋክስ ከተማ የሚመጡ ጀልባዎች መረባቸውን እየጎተቱ አልፈውበታል።

«አላህ እጃቸውን ይቁረጠው!» አሉ ሐጅ ቡበከር ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው።

«ስንት ዘመን ረገማችኋቸው!» አለች መብሩካ። «እርግማናችሁ አንዲት መረብ ቀደደ? ከእነሱ መሃል አንድ ሰው በስሙ የሚያውቅ አለ?»

«የሌባ ስም ምን ሊያደርግልን?»

«እኔ ግን ፊቱን አይቼ ልስደበው።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና መርከብ ተሳፈረች።

ስፋክስ ወደብ ላይ ሴቶች መሬት ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ዙሃይራ የምትባለው ከመረቡ የዘንባባ ስባሪ እየነቀለች ታማርራለች።

«ይሄን ቆሻሻ ባሕር ውስጥ የሚጥለው ማነው? ጣቴን ጨረሰው!»

መብሩካ ስባሪውን ነጠቀቻት። ገመዱ እንደታሰረ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሯል። የፍራጅ እጅ ነው። ያን ሁሉ ስድብ ይዛ የመጣችው ሴትዮ ስባሪውን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ቆሻሻ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «የሟች ባሌ አጥር ነው።»

ዙሃይራ ደነገጠች። «ባሕሩ ያመጣው መስሎኝ ነው፣ እናቴ። መረቡን የጎተተው ባሌ ላስዓድም አያውቅም። ባሕር ላይ አጥር አለ ብሎ ማን ያስባል?»

«አያውቅም! ዳር ድረስ ገብቶ መረብ መጎተት ክልክል መሆኑንስ?»

ዙሃይራ አቀረቀረች። «እሱን ያውቃል።»

«እንግዲያው መጥቶ ያፈረሰውን በዓይኑ ይይ። አንቺም ነይ። ይቅር አላልኳችሁም፤ ብቻ ኑ።»

በሳምንቱ መጡ። ሐጅ ቡበከር ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ሌባ እንግዳ ሆኖ መጣ? ፍራጅ ቢያይሽ ምን ይልሽ ነበር?»

«ሐጅ፣ አጥሩ ሲፈርስ ያልተነሱ፣ ዛሬ ከሻይዎ ተነሱ?»

ላስዓድን ባሕር ውስጥ አስገብታ ዝንጣፊ አሸከመችው። አንገቱን ደፍቶ መትከል ጀመረ። ማሰሩ ግን አቃተው። ዙሃይራ መብሩካ ያስቀመጠችውን ስባሪ ተቀብላ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አገላበጠችው።

«ካልፈታሁት አልማረውም፣ እናቴ።»

ከፍራጅ እጅ የቀረው ያ ብቻ ነበር። መብሩካ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«ፍቺው።»

ዙሃይራ ፈታችው፤ ከዚያ በአዲስ ዝንጣፊ ላይ አሰረች። መብሩካ ዞር ብላ ጎተተችው፤ ላላ።

«ይሄ ማዕበል ይችላል? ድገሚ!»